የአባባ ደምሴ ልጆች ስንት ናቸው?

ከሕይወት ታሪክ የበለጠ የሚዋሽ ጽሑፍ የለም! ይህን የምላችሁ እኔው ጸሐፊዋ ነኝ። እስቲ አስታውሱ... ቀብር ላይ «ሟች ተጨቃጫቂ፣ ሰነፍና ሐሜተኛ ነበሩ» ተብሎ ሲነበብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አገራችን እኮ ደግና ለጋስ ያልሆነ ሰው ቀብራ አታውቅም!

እኔ ግን መምህርት ነኝ፤ ነገር በሥርዓቱ ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ። አያቴ አባባ ደምሴ ዕድሜ ጠግበው፣ ልጆቻቸው ከበዋቸው ደብረ ብርሃን ላይ ሲያርፉ አጎቴ ጌታቸው «አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ጻፊው» አለኝ። ጻፍኩ። በማስመሪያ አሰመርኩ። ልደት፣ ሥራ፣ ትዳር፣ ጠባይ ብዬ በንዑስ ርዕስ ከፋፈልኩት። ሥራቸው ብርድ ልብስ መሸጥ ነበር። የደብረ ብርሃንን የሱፍ ብርድ ልብስ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነው በየገበያው ይዞራሉ። እነዋሪ ለብርዱ፣ ሰላ ድንጋይ ለብርዱ፣ አልዩ አምባ ደግሞ... ለሙቀቱ! አዎ፣ ቆላ ወርደው ብርድ ልብስ የሸጡ ሰው ናቸው። «ጠባይ» በሚለው ሥር ደግሞ «ከቤታቸው ውጭ ማደር የማይወዱ፣ የአንዲት ሚስት ባልና የአምስት ልጆች አባት» ብዬ አሰፈርኩ።

ቀብሩ ላይ በሰላም አለፈ። መዘዙ የመጣው በሠልስቱ ነው። የየገበያው ደንበኞቻቸው መርዶው ዘግይቶ ደርሷቸው በሠልስቱ ቀን መጡ። አጎቴም ለቅሶው ድንኳን ውስጥ «ለእንግዶቹ ድገሚላቸው» አለኝ። መምህር ድገሚ ተብላ እምቢ ትላለች? ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። «...የአምስት ልጆች አባት» ከማለቴ፣

«ስምንት!» አሉ ከእነዋሪ የመጡት ገበሬ፣ ጋሽ በላቸው።

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?»

«ስምንት ናቸው እንጂ ልጄ። በገዛ አፉ ነው የነገረኝ፤ ብርድ ልብስ ስገዛው።»

«ኧረ አሥር!» አሉ የሰላ ድንጋይዋ እትዬ አስካለ። «መንትዮቹን ረስታችሁ ነው። በየፋሲካው ቅቤ እልክላቸው አልነበር!»

ከአልዩ አምባ የመጡት ነጋዴ፣ ሐጂ ሰይድ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አላህ ይዘንለትና፣ ለእኔ ሦስት ነው ያለኝ። እኔም ሦስት አሉኝ፤ እኩል ነን ብለን ተሳስቀናል።»

አጎቴ ጌታቸው አራተኛ ልጅ ነው። «ሦስት ከሆነ... እኔ የለሁበትም ማለት ነው?» አለ፣ ፊቱ ከሰል መስሎ።

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ። አምስት፣ ስምንት፣ አሥር፣ ሦስት... አንድ አባት፣ አራት ቁጥር! ለቅሶ ድንኳን ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው። ከኋላዬ አንዲት የዕድር እናት ለጎረቤታቸው ሹክ አሉ፦ «በየገበያው አንዳንድ ጎጆ ነበረው ማለት ነው! ያልጠረጠረ ተመነጠረ...»

የአባባን ስምና የባለቤታቸውን የእማማ በለጡን የዕድሜ ልክ ትዳር፣ በሦስተኛው ቀን፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አፈረስኩት! ዞር ስል እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ሴቶቹ «አይዞሽ፣ ወንድ እንዲህ ነው» እያሉ ደገፏቸው። ነጠላውን ሲገልጡት ግን... እየሳቁ ነው!

«እትዬ በለጡ! ምን ሆኑ?» አለች አንዷ።

«ምን እሆናለሁ? ሁሉም የእኔ ናቸው!» አሉ።

ከዚያ ጉዱ ወጣ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ገበያ ላይ «የልጆች አባት ነኝ፣ አትጉዳኝ» የማይል ሻጭ የለም። አባባም በገበያ ቀን ጠዋት ጫማቸውን እያሰሩ «በለጡ፣ ዛሬ ስንት ልጅ ልያዝ?» ይሏቸው ኖሯል። ቁጥሩን የሚቆርጡት እማማ ናቸው!

«ዘንድሮ የእነዋሪ ስንዴ ሸጋ ነው፤ ስምንት ያዝ አልኩት። የሰላ ድንጋይ ሴቶች አንጀታቸው ስስ ነው፤ መንታ ጨመርኩለት። ሐጂን ግን በዝና አውቃቸዋለሁ...»

«ምኔን አወቅሽው?» አሉ ሐጂ።

«ልጅ በዛብኝ ቢልዎት “ሪዝቃቸውን አላህ ይሰጣል” ብለው ያልፉታላ! እኩላቸው ሁን አልኩት።»

ሐጂ ሰይድ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እትዬ አስካለ ግን እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «ታዲያ የመንትዮቹ ቅቤስ?» አሉ።

«አምስቱ በሉት። ያውልሽ!» ብለው እማማ የአጎቴን ቦርጭ አሳዩዋቸው።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። አጎቴም መቆጠሩን ሲያረጋግጥ ሳቀ። ጋሽ በላቸው ብቻ አልሳቁም። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያሽከረክሩ ቆይተው፣

«እትዬ በለጡ... ያቺ የምታስላት ትንሿስ? እኔ እኮ ስለሷ ብዬ ነው ሳልከራከር የገዛሁት። እስካሁንም በጸሎቴ አነሳታለሁ» አሉ።

እኔ «ያልተወለደ ልጅ አያስለውም» ብዬ ላስረዳ አፌን ስከፍት እማማ በክርናቸው ጎሰሙኝ።

«ድናለች፣ በላቸው ወንድሜ» አሉ። «ብርድ ልብሱን የገዛኸው ዕለት፣ ደምሴ ባዶ እጁን እያፏጨ ቤት ሲገባ... ሳሉ ለቀቃት።»

ጋሽ በላቸው በረጅሙ ተነፈሱ፤ ባርኔጣቸውንም ደፉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ተቆጡኝ፦

«ታዲያ ይሄንን ነበር መጻፍ!»