ቻይና ለሕክምና ትምህርት፣ ሞጣ ለደም ግፊት

የጂኦግራፊ መምህር አገር አይፈራም ያለው ማነው? እኔ ቢቸና ተቀምጬ ቻይናን በዱላ ጫፍ ሳሳይ ስንት ዓመቴ! አንድም ቀን አስፈርታኝ አታውቅም ነበር። ያለችኝ አንዲት ልጅ ግን ሕክምና ልትማር አመልክታ ከዚያው "ተቀብለንሻል" የሚል ደብዳቤ ሲመጣላት፣ ቻይና ከካርታው ላይ እየሸሸች የምትርቅ መሰለኝ።

ፈራሁ። መጀመሪያ ብርዱን ፈራሁ፤ ቀጥሎ ቋንቋውን። በሽተኛው ያመመውን በቻይንኛ ሲነግራት ምን ልትል ነው? ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ስንት ዓመት ለፍታ ስትመለስ የእኛ አገር የሙያ ፈቃድ ፈተና ቢጥላትስ? ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ለልጁ ምን እንደሚሆን ግን የተናገረ የለም። መልሳችሁን እስከ ዓርብ አሳውቁ ተብለናል።

ሞጣ ውስጥ ውጭ አገር ተምራ የመጣች ሐኪም አለች ሲሉኝ፣ ማክሰኞ በጠዋት በሚኒባስ ገሰገስኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሴት ግን ለጥያቄ ብሎ ሰልፍ የለም፣ ሐኪም የሚያይ ካርድ ያወጣል አለችኝ። ምን ላድርግ? ሳያመኝ ታምሜ ከሚያስሉት ጋር ተሰለፍኩ።

ገና አፌን ሳልከፍት ግፊቴ ተለካ። ዶክተሯ ቁጥሩን አይታ ፊቷ ተለወጠና፣ አባቴ፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ አልኩና ጥያቄዬን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ረጋ ብላ ሰማችኝ። ብርዱ በካፖርት ያልፋል፣ ቋንቋውንም አንድ ዓመት አልቅሳ ትለምደዋለች፤ ፈተናው ግን እውነት ነው፣ እኔም በሁለተኛው ሙከራ ነው ያለፍኩት፣ ትምህርት ቤቱ እዚህ እውቅና እንዳለው አስቀድመው ያጣሩ አለችኝ። ከዚህ ሁሉ ምክር ጆሮዬ ውስጥ የቀረው "አልቅሳ" የሚለው ብቻ ነው።

የልብዎን ትርታ ላዳምጥ ብላ ጃኬቴን አስወለቀችኝ። ሳወልቅ ከውስጥ ኪሴ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዱብ አለ፤ ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን አገላብጣ ያጣችው ፓስፖርት! አይጥ እንዳይበላው ብዬ ነው አልኩ። አፈርኩ። ዶክተሯ አንስታ ፎቶውን አየችና፣ የእኔም አባት ጎታ ውስጥ ነበር የደበቀው አለችኝ። ከዚያ ክኒን አዘዘችልኝና፣ ፓስፖርቱን ዛሬውኑ ለልጅዎ ይስጡ፣ በሳምንቱ ይመለሱና ግፊትዎን እናያለን ብላ አሰናበተችኝ።

መምህር ነኝ፣ ትእዛዝ አከብራለሁ። ትምህርት ቤቱ እውቅና እንዳለው አጣራሁ፣ ክኒኑን ዋጥኩ፣ ፓስፖርቱን ሰጠሁ። ልጄም ዓርብ ሳይደርስ ለቻይናዎቹ "እመጣለሁ" ብላ መለሰችላቸው። በሳምንቱ ሞጣ ሄጄ ሲለኩኝ፣ ግፊቴ ከመጀመሪያው ብሶ ተገኘ።