የተከሳሿ ውሃ

ስለ ውሃ እጥረት የሚያወራ ሰው ሳይ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን ጠረጴዛውን ነው። አይፈረድብኝም። በቴሌቪዥን በሚታዩት ትልልቅ ስብሰባዎች ላይ፣ ዓለም በጥም ልታልቅ ነው ብለው የሚያስጠነቅቁን ሰዎች እያንዳንዳቸው ፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሮላቸዋል፤ አንዱ ይከፍትና ሁለቴ ተጎንጭቶ ይተወዋል፣ ከሻይ እረፍት ሲመለስ ደግሞ ሌላ ይከፍታል። ከዚያ መፍትሔው ይዘረዘራል። የዝናብ ውሃ ከጣራ ማጠራቀም፣ የሚያፈስ ቱቦ መጠገን፣ የታጠቡበትን ውሃ መልሶ መጠቀም፣ ያለውን በፍትሕ መካፈል። ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱንም አልክድም። እኔን የሚያጠራጥረኝ የመጨረሻው ነው። መካፈልን እንዲህ አቅልሎ የሚናገር ሰው በጋራ ቧንቧ ኖሮ አያውቅም።

እኔ ኖሬያለሁ፤ አሁንም እየኖርኩ ነው። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ወደ አብነት ሲወረድ፣ ከአንድ የዛገ የብረት በር ጀርባ ተጨናንቀን የምንኖር ቤተሰቦች ነን። ቧንቧችን አንድ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው ይባላል፤ ፈረቃው ከማን ጋር እንደሆነ ግን የነገረን የለም። አንዳንዴ ማክሰኞ ይመጣል፣ አንዳንዴ ሐሙስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ ይረሳናል።

ይህን ጠባዩን ስለምናውቅ ዘዴ አለን። እናንተም አዲስ አበባ ከኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን አንዘጋውም፤ ከፍተን እንተወውና ከሥሩ ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ እንደፋለን። ውሃው ሲመጣ ጣሳዋን ይመታታል፤ ያኔ ግቢው በሙሉ ጀሪካኑን እያንጠለጠለ፣ በርሜሉን እየገፋ ይወጣል። ሞኝ ዘዴ አይደለም። የሚሰማ ሰው እስካለ ድረስ።

ባለፈው በጋ ነገሩ ከፋ። ውሃው ከመጥፋቱም በላይ በየደጃችን የቆሙት በርሜሎች ሳንነካቸው ይጎድሉ ጀመር። ማን እንደሚያጎድላቸው እስካሁን አልታወቀም። እኔ የራሴ ጥርጣሬ አለኝ፤ ሁላችንንም ነው የምጠረጥረው። ግቢው ግን እንደኔ አልተቸገረም፣ ጣቱን ወዲያው አስካለ ላይ ቀሰረ።

አስካለ ከበሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትኖር ልብስ አጣቢ ናት። እኛ ፊታችንን በእርጥብ ፎጣ በምናብስበት ሳምንት የእሷ ገመድ ላይ የሰው አንሶላ ይውለበለባል። ታዲያ እንዴት አትጠረጠርም? ከየት አመጣሽው ስትባል «ከሕንፃው ጉድጓድ» ትላለች። ሰው ደግሞ ይስቃል። ልደታ መሐል የምን የውሃ ጉድጓድ?

እኔ ሰው የነገረኝን ከማመን ሄጄ ማየት እመርጣለሁ። አንድ ማለዳ ጀሪካኖቿን ይዛ ስትወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ መስዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኳት። ልደታ ማርያም ስደርስ ለይምሰል ሳይሆን የምሬን ተሳለምኩ፤ በሐሰት ነጠላ መልበሱ ትንሽ ከንክኖኝ ነበር። እሷ አላየችኝም። ወደ ዋናው መንገድ ወጥታ በቆርቆሮ ወደታጠረ የሕንፃ ግንባታ ገባች። በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ከሥሩ ውሃ ያፈልቃል። ያ ውሃ ሥራ እንዳያስቸግር ፓምፕ ተተክሎለት፣ በወፍራም ቱቦ እየተሳበ ቀጥታ ወደ ቦይ ይደፋል። ኩልል ያለ ውሃ! ዘበኛው ለአስካለ ራሱን ነቀነቀላት፣ እሷም ከቱቦው አፍ ቀዳች። እዚያው ቆሜ ተናደድኩ። ከመንገዱ ወዲህ ሰው ለአንድ ጀሪካን ይጣላል፣ ከመንገዱ ወዲያ ውሃው አስቸገረን ተብሎ ይባረራል።

ይህን ይዤ ስመለስ ግቢው የራሱን መፍትሔ ጨርሶ ጠበቀኝ። የግቢያችን ሊቀመንበር ጋሽ ወልዴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ስለሆኑ፣ የድመት ጠብ እንኳ ያለ ክስና ያለ መልስ አይዳኙም። ለቧንቧው መከለያ የሚሆን፣ መዝጊያ ያለው የብረት ሳጥን አብነት ሰፈር አሠርተው አስተክለዋል፤ የቀረው ውሳኔውና ኪሳቸው ውስጥ ያለው ጓጉንቸር ብቻ ነው። ለእሑድ ከሰዓት በኋላ በእድራችን አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ ግቢያችን እንኳን ስብሰባ ጠብም በወጉ አያስቆምም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣ። ማን ቤት ይቅር? ዱሮ ለለቅሶም ሆነ ለሰርግ ስንወጣ አንድ ሰው ቤት ጠባቂ ይቀር ነበር። አሁን ግን ብቻውን ከቧንቧው ጋር የሚቀር ሰው ማን ያምነዋል? ልብስ ሰፊው ሀጂ ሰይድ «የማደርሰው ሱሪ ስላለኝ እኔ ልቆይ» ቢሉ፣ ሁሉም ዞሮ አያቸው። ሀጂ አያያዛችንን ዐውቀው የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ተነሡ። በርሜሎቻችንን ወደ ቤት አስገብተን፣ በሮቻችንን ቆልፈን፣ አንድ ሰው ሳናስቀር ወጣን።

«ተከሳሽ ቁሚ» አሉ ጋሽ ወልዴ አዳራሹ ውስጥ። «ውሃውን ከየት ነው የምታመጪው?»

«ከሕንፃው ጉድጓድ ነው ጋሽ ወልዴ። ስንቴ ልናገር?»

«ምስክር አለሽ?»

እጄን አወጣሁ። ያየሁትን ሁሉ፣ ነጠላዬን ሳይቀር፣ ተናገርኩ። ከኋላ አንድ ድምፅ «አንተስ ስንት ጀሪካን ደረሰህ?» አለ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ ምስክር መሆኔ ቀርቶ ግብረ አበር ሆንኩ።

አስካለ አላለቀሰችም። «የሕንፃው መሠረት ሊሞላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱም የለም» አለች። «ከቧንቧው ከከለከላችሁኝ በምን አጥባለሁ? ካላጠብኩ በምን እበላለሁ? ይሄን ዐውቃችሁ ወስኑ።»

ወሰኑ። እጅ ወጣ፤ አስካለ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከግቢው ቧንቧ እንዳትቀዳ፣ ቁልፉም በሊቀመንበሩ እጅ እንዲሆን ተባለ። የእኔ እጅ አልወጣም፤ ያልወጣ እጅ ግን ማንም አያየውም። አፍሬ ወጣሁ።

ወደ ቅያሳችን ስንታጠፍ መሬቱ ረጥቧል። በጋ ነው፣ ዝናብ የለም። ጥቂት ራመድ ስንል ውሃው ከግቢያችን በር ሥር እየወጣ ቁልቁል ሲወርድ አገኘነው። በሩ ሲከፈት ቧንቧው እንደ ልቡ ይፈሳል። ጣሳዋ የምትጮኸውን ጮኻ ጨርሳ ቦዩ ውስጥ ተጋድማለች። መቼ እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ሁላችንም ስለ ውሃ ስብሰባ ላይ ነበርን።

«ማነው ክፍቱን የተወው?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ሁሌም ክፍት ነው። ሁሉም ወደየበሩ ሮጠ። ቁልፍ የሚፈልገው ኪሱን ይገለብጣል፣ ያገኘው ቤት የቆለፈበትን በርሜል በጠባቡ በር ለማውጣት ይታገላል፣ ሁለቱ ደግሞ ማን ቀድሞ ይቅዳ ብለው ገና ዕቃ ሳያወጡ ተያያዙ። የአስካለ ሳፋዎች ግን ደጅ፣ ግድግዳው ሥር ተደፍተው ነበር። የአጣቢ ሳፋ ማን ይሰርቃል? አንዱን ገልብጣ ቧንቧው ሥር አስጠጋች።

ጋሽ ወልዴ ጓጉንቸሩን አወጡ። «ውሳኔው እኮ...»

«እርስዎ ውሳኔውን ያስፈጽሙ» አሉ ሀጂ ሰይድ፣ «እሷ ውሃውን ትያዘው።»

ሳፋዎቿ ተራ በተራ ሞሉ። የመጀመሪያው ጀሪካን ከቤት ሲወጣ ቧንቧው ሁለቴ አስነጠሰና ቆመ። ባዶ ዕቃችንን ይዘን እንደቆምን አንዲት ጎረቤት ጆሮዬ ሥር «ሳፋዋን ደርድራ መውጣቷስ አይገርምህም? ዐውቃ ነው» አለችኝ። እኔው ራሴ ትንሽ ጠርጥሬ ነበር።

አመሻሽ ላይ የአስካለ በር መንኳኳት ጀመረ። ለሕፃን ወተት መበጥበጫ፣ ለሀጂ ውዱእ፣ ለእኔ ለራት። ለሁላችንም ቀዳች። ፊቷ አልፈካም፣ አልጠቆረምም። መጨረሻ ጋሽ ወልዴ ማንቆርቆሪያ በጋቢያቸው ሸፍነው መጡ።

«ለመድኃኒት መዋጫ ያህል ነው» አሉ።

ሞልታ ሰጠቻቸው። «ጋሽ ወልዴ» አለች፣ «ዛሬስ ከየት አመጣሽው አይሉኝም?»

ማንቆርቆሪያቸውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የጓጉንቸሩን ቁልፍ አወጡና መስኮቷ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ውሳኔው እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ የሚያነሣውም የለም። የሕንፃው መሠረት ተሞልቶ ፓምፑ ቆሟል። አስካለ ከግቢው ቧንቧ ታጥባለች፤ ቀን ቤት ስለምትውል የጣሳዋን ድምፅ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት፣ ሳጥኑን ከፍታ በየስማችን ትጠራናለች፣ ተራ ታስይዛለች። ከዚያ ወዲህ ውሃ መጥቶ አምልጦን አያውቅም። ይህ ደግሞ ለአንዳንዶች አዲስ ጥርጣሬ ሆኗል፤ የሚመጣበትን ሰዓት ማን እየነገራት ነው ይላሉ። ጋሽ ወልዴ በመጋረጃቸው ጠርዝ ያዩዋታል።

እኛ በርሜሎቻችንን አሁንም ቤት አስገብተን ነው የምንቆልፍባቸው። የእሷ ሳፋዎች ደጅ ያድራሉ።