ጋሼ ዝጉት

መስኮት የተሠራው እንዲዘጋ ነው ብሎ የሚያምን ሰው በየሄድንበት አንድ አይጠፋም። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ኧረ ዝጉት!» የሚለው እሱ ነው። ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ ተነስቶ የሚዘጋውም እሱ ነው። ለኛ ስፌት ቤት የደረሰን ግን የሁሉም አለቃ ነው፤ ክቡር ጨርቅ ቆራጫችን፣ በሌሉበት ስማቸው «ጋሼ ዝጉት»።

የዘንድሮው ሙቀት ለጉድ ነው። ጣሪያችን ቆርቆሮ፣ መቀሱ ራሱ እጅ ይፈጃል። ሬዲዮው ጠዋት ማታ «ውሃ ጠጡ፣ ቤታችሁን አናፍሱ፣ ነፍሰ ጡሮችን አደራ» ይላል። ክቡርነታቸው ኮት በሹራብ ላይ ደርበው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ሬዲዮውን በንቀት ያዩታል።

«ሙቀት ሰው ሲገድል አይቼ አላውቅም። ንፋስ ነው ገዳዩ!»

ንፋስ የገደለውን አንድ ሰው ይጥሩልኝ ብላቸው አጎታቸውን ጠሩ። አጎትየው የሞቱት ከጣሪያ ወድቀው ነው። «ታዲያ ማን የጣላቸው መሰለህ?» አሉኝ።

አዋጥተን ማራገቢያ ገዛን። ከምሳ ስንመለስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረውት አገኘነው። ግድግዳው ተመቸው፣ እኛ ተቀቀልን።

አንጀቴን የምትበላኝ ግን ባለካውያዋ ነበረች። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ላይ ቆማ ትውላለች። መስኮት በከፈተች ቁጥር ይዘጉባታል። ውሃ ስታነሳ ደግሞ «በላብሽ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ? ሳንባሽን ልትጨርሺው ነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ ታፈንን እኮ!»

«ላብ ጤና ነው።»

እኒህ ሰውዬ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳሉ እያልኩ በንዴት እበግን ነበር።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ባለካውያዋ «ዓይኔ ጨለመብኝ» አለች። ሳንደርስላት ወለሉ ላይ ዘጭ!

ሁላችንም ስንደናበር ወደ መስኮቱ የሮጡት እሳቸው ናቸው። ወለል አድርገው ከፈቱት። ኮታቸውን አውልቀው፣ ጠቅልለው ከእግሯ ሥር አደረጉላት። «ፎጣ አርጥቡ! ያንን ማራገቢያ አዙሩት! ባሏን ጥሩ!» ሹራቡንም አውልቀው ጣሉት። በካናቴራ አይቻቸው አላውቅም፤ ለካ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው።

ነቃች። ውሃ ፉት አለች። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ይራገጣል» ስትል ሁላችንም ተነፈስን። ቀና ስል ክቡርነታቸው መስኮቱ ላይ ተገትረዋል፤ ላባቸው በጀርባቸው ይወርዳል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው? አየሩን ከለከሏት እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«በጎን በጎን ይድረሳት። የፊት ለፊቱን እኔ እችለዋለሁ።»

በሳቸው ቤት ሞት አፍ ላይ ነው የቆሙት። ባሏ መጥቶ ሐኪም ቤት እስኪወስዳት ንቅንቅ አላሉም። እሷም ፅንሱም ደህና ናቸው ተባለ።

ዛሬ ጠዋት እያስነጠሱ ገቡ።

«አላልኳችሁም?»

ማንም አልሳቀም። ወደ ተከፈተው መስኮት አየት አደረጉ፤ አልዘጉትም። ሹራባቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ጨርቃቸውን መቁረጥ ጀመሩ። እኔም ተነሳሁና የስፌት መኪናዬን እየጎተትኩ በሳቸውና በመስኮቱ መሃል አስቀመጥኩት።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?»

«ንፋስ ስለምወድ ነው ጋሼ» አልኳቸው።