ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከልብ ፈገግ ማለት

የሰው ልጅ ከእንስሳት የሚለየው ፈገግ ማለት በመቻሉ ነው ይባላል። የእኛ ከተማ ሰው ደግሞ ከቀረው የሰው ልጅ የሚለየው ለፈገግታው ቀጠሮ በማስያዙ ነው። ላሞች ከሰው በሚበልጡበት በዚህ በሰሜን ዊስኮንሲን፣ ማንኛውም ጨዋ ቤተሰብ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ አንድ ቅዳሜ ይመርጣል። አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሶ ዱባ እርሻ ውስጥ ከቀይ የእህል መጋዘን ፊት ይቆማል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ከልቡ ይደሰታል። ደስታው ይታተምና የገና ካርድ ሆኖ ለዘመድ አዝማድ ይላካል። ዝናብ ከጣለ ደስታው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፋል።

ይህን ደስታ ፎቶ የማነሳው እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አራት ዓመት የጥንት ሥዕሎችን አጥንቻለሁ። ስለዚህ ለዘመናት የተሣሉ ነገሥታትና ንግሥቶች ጥርሳቸውን ለማሳየት እንዳልቸኮሉ አውቃለሁ። ማንም ግን «ምነው፣ ቤታችሁ ሰላም አይደለም እንዴ?» ብሎ አልጠየቃቸውም።

ጃኔል ሆፍባወርን ግን ጠየቋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማው ሰው የገና ካርድ ሁሉ አንድ ቅጂው ለቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ይደርስና ከመግቢያው አጠገብ ባለ አረንጓዴ ሰሌዳ ላይ ይሰቀላል። ሰሌዳውን ላለፉት አሥራ አራት ዓመታት ያለ ምርጫና ያለ ተቃዋሚ የምታስተዳድረው ግሬታ ስቶልት ናት። እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ምእመኑ የወረቀት ኩባያውን ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆምና በፍቅር የጎረቤቱን ጥርስ ይመረምራል።

አምና የሆፍባወሮች ካርድ ተሰቀለ። ሁሉም ፈገግ ብለዋል። ፈገግታው ግን ከአንገት በላይ ነበር፤ ጃኔል ጥርሷን ነክሳለች፣ ባሏ ራስል ኮሶ የጠጣ ይመስላል። ሳምንት ሳይሞላ ደጃፋቸው ላይ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ተቀምጦ ተገኘ፤ በሥጋ የተጋገረ ፓስታ ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ትሪ ሰው ደጅ የሚቀመጠው ወይ ሰው ሲሞት ነው ወይ ትዳር ሲፈርስ። እስከ ዓርብ ትሪው አራት ደረሰ። በአንደኛው ላይ «በዚህ ከባድ ጊዜ ከጎናችሁ ነን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

«ምን ሆነናል?» ብላ ጃኔል ባሏን ጠየቀችው።

«እኔ እንጃ» አለ ራስል አፉን ሞልቶ። «ምንም እንሁን ምን፣ ሴቶቹ ግን ሙያ አላቸው።»

ጃኔል አልሳቀችም። ትዳሯ እንዳልፈረሰ ታውቃለች፤ ቢያንስ ፈረሰ ብሎ የነገራት የለም። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሱቅ በገባች ቁጥር ሰዎች ክንዷን ያዝ እያደረጉ «አይዞሽ» ይሏት ጀመር። ለምን አይዞሽ እንደተባለ የማያውቅ ሰው ደግሞ ውሎ አድሮ ራሱ ምክንያት መፈለጉ አይቀርም። ማታ ማታ ራስል ቴሌቪዥን ሲያይ እሷ ራስልን ማየት ጀመረች። ስለዚህ የዘንድሮው ካርድ ይህ ቤት ደስተኛ መሆኑን ለከተማው ማረጋገጥ ነበረበት፤ ከከተማውም ይልቅ ለእሷ።

በመስከረም መጨረሻ ለቤተሰቡ በሙሉ፣ በግልባጭም ለእኔ፣ የሚከተለው መመሪያ በኢሜይል ደረሰ፦

«አንደኛ፦ ሁሉም ሰው ከልቡ ፈገግ ይላል። ሁለተኛ፦ ማንም አይገደድም፤ ፈገግ ያላለ ግን ከፎቶው በኋላ ፒዛ ቤት አይሄድም። ሦስተኛ፦ ፈገግታው ዓይንን ይጨምራል። አራተኛ፦ ፎቶ ሲነሱ ‹ቺዝ› ማለት አፍን ስለሚያጣምም በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

አራተኛው አንቀጽ ሃያ ሁለት ዓመት ቺዝ ፋብሪካ በፈረቃ ኃላፊነት ለሠራው ለራስል ቀላል አልነበረም።

«ታዲያ ምን እንበል?» አለ።

«ምንም አትበሉ። ዝም ብላችሁ ደስ ይበላችሁ።»

ቅዳሜው ደረሰ። ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያለው ብርሃን የእነሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ወርቃማ ብርሃን ለሌላ ቤተሰብ ተይዟል። አምስቱም ቀይና ጥቁር ዳማ ሸሚዝ ለብሰው ተሰለፉ። ጃኔል መሀል ሆነች። በቀኟ ራስልና እናቱ ወይዘሮ አርዲስ፣ በግራዋ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ኬልሲ፣ ከፊት ደግሞ የስድስት ዓመቷ ሜቭ።

«እማማ፣ ትንሽ ፈታ ይበሉ» አልኳቸው ወይዘሮ አርዲስን።

«ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ፎቶ ላይ የሳቅሁት አንዴ ነው» አሉኝ። «እሱም ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ።»

የኬልሲ ፈገግታ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አንገቷን ወደ ግራ ሰበር፣ ከንፈሯን ሾል ታደርጋለች፤ ሁለት መቶ ጊዜ ብትነሳ ሁለት መቶውም አንድ ነው።

«ኬልሲ፣ ተፈጥሯዊ ሁኚ» አለች እናቷ።

«እማ፣ ተፈጥሯዊዬ ይሄ ነው።»

«አይደለም! እኔ ነኝ የወለድኩሽ፣ ስትወለጂ እንደዚህ አልነበርሽም። ሜቭ፣ አንቺ ደግሞ ያ የወለቀው ጥርስሽ እንዳይታይ አፍሽን ግጠሚ። አይ፣ ሳቂ እንጂ! አፍሽን ገጥመሽ ሳቂ።»

«በየት በኩል?» አለች ሜቭ።

ቀጥሎ ተራው የራስል ሆነ።

«ራስል፣ የሰርጋችንን ቀን አስብ።»

ራስል ታዛዥ ሰው ነው፤ አሰበ። አነሳሁት። ጃኔል መጥታ የካሜራዬን መስኮት አየችና ቀና አለች።

«ምኑን ነው ያሰብከው?»

«ሰርጋችንን።»

«ከሰርጋችን የቱን?»

«አባትሽ ንግግር ያደረጉበትን።»

«እሱን ዝለለው!»

«እሱን ከዘለልኩት እኮ ሰርጉ አለቀ።»

ከዚያ በኋላ ጃኔል ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ላይ እንዲዘል ሐሳብ አቀረበች፤ የዘለለ ሰው ማስመሰል አይችልም የሚል ነገር አንብባለች። ወይዘሮ አርዲስ ከዘራቸውን አጥብቀው ያዙ።

«እኔ ከዘለልኩ የምትልኩት ካርድ የገና አይሆንም» አሉ።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለት መቶ አሥር ፎቶ አነሳሁ። አበው ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። ካሜራ ግን ብቅል አይደለም፤ ከፊቱ የቆመ ሰው የቀረችለትን ጥቂት ነገር እንኳ ውጦ ይደብቃታል። በሁለት መቶ አሥሩም ፎቶ ላይ አምስት ሰዎች የሆነ ነገር እንዳልሠሩ ለፖሊስ እያስረዱ ነበር።

ጃኔል ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ ስንት ቤተሰብ ታያለሽ። እኛ... የተለየ ነገር አለብን?»

«የለባችሁም፣ ወይዘሮ ጃኔል። ሁሉም እንዲህ ነው።»

«ግሬታም?»

«የግሬታን እኔ አላነሳሁም።»

እውነት ነው፤ ግሬታ በየዓመቱ ባሏን፣ ልጆቿንና ውሻዋን ይዛ ፍሎሪዳ ባሕር ዳር ሄዳ ነው የምትነሳው። ካርዷንም ከማንም ቀድማ፣ ገና በጥቅምት ትልካለች። ጃኔል ወደ ቦታዋ ልትመለስ ስትል ስልኳ ጮኸ። ማተሚያ ቤት የምትሠራ ጓደኛዋ ናት።

«አንድ ደቂቃ!» አለችና ወደ መኪናው ሄደች። ዞር ብላም «ፈገግታችሁን እንዳትለቁት!» አለች።

አለቀቁትም። አሥር ሰከንድ ያህል እንደተሰቀለ ልብስ ይዘውት ቆሙ።

«ሄደች?» አሉ ወይዘሮ አርዲስ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«መኪናው ጋ ደርሳለች» አለች ኬልሲ።

ከዚያም ራስል ሰማይ ሰማይ እያየ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ለማንም የማይናገር መስሎ፣

«ቺዝ» አለ።

መጀመሪያ የፈነዳችው ሜቭ ናት፤ የወለቀው ጥርሷ እስከ ጉሮሮዋ ያሳያል። ኬልሲ አንገቷን መስበር ረስታ ድዷ እስኪታይ ተንከተከተች። ወይዘሮ አርዲስ «አንተ ባለጌ!» ብለው ልጃቸውን ትከሻው ላይ ሊመቱት ተንጠራሩና ደረቱ ላይ ወድቀው ቀሩ። ራስል በሸሚዙ እጅጌ ዓይኑን እየጠረገ ሦስቱንም ወደ ራሱ ሰበሰባቸው። አሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁ።

ሥራዬ ነውና ሌንሱን ወደ መኪናውም አዞርኩት። ጃኔል ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አፏን በመዳፏ ይዛለች። ከዚያ መዳፏ ወረደ፤ ፊቷም እንደ አዲስ ሙሽራ በራ። ያን አንድ ጊዜ ብቻ አነሳሁት፤ ሁለተኛ አያስፈልገውም ነበር።

በሐዘን ፊት ተመለሰች።

«ምስኪን ግሬታ!» አለች። «ካርዷ ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ ሐሙስ በፖስታ ሄዷል። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ባሕሩ፣ ጀምበሯ... ሲያዩት ለካ ከኋላ፣ በሷና በባሏ ትከሻ መሀል፣ ውሻው ቁጢጥ ብሎ እየተጸዳዳ ነው! ማንም አላየውም! በጣም ነው ያዘንኩት።»

ሐዘኗን ስትጨርስ ካሜራውን ተቀበለችኝ። የቤተሰቧን ፎቶ ብዙ አየችው።

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ስልክ ላይ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ሦስት።»

ሌሎቹ በድንገት ስለ ዱባ ጥልቅ ፍላጎት አደረባቸው። ራስል ብቻ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያው... ብርሃኑ ተለውጦ ነው» አለ።

«ብርሃኑ ነው?» ብላ ዓይኔን አየችኝ።

«ብርሃኑም ረድቷል» አልኩ።

ጣቷ ሳታስበው ወደሚቀጥለው ፎቶ ተሻገረ። መኪናው አጠገብ አንዲት ሴት እየሳቀች ቆማለች።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ራስል ከጀርባዋ አንገቱን አሰገገ። «ኧረ እንዲህ ስትስቂ ካየሁሽ...» ብሎ ጀመረና ዓመቱን መቁጠር ሲያቅተው ተወው። ወይዘሮ አርዲስም መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ።

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ጃኔል ካሜራውን መለሰችልኝ። በእሷ ቦታ ቢሆኑ ያለቅሱ ወይም ይጮሁ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ሊማሩበት በሚገባ መረጋጋት ሸሚዟን ጎተት አድርጋ አስተካከለች።

«ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«ተፈጥሯዊ ሆኖ?»

«ተፈጥሯዊ ሆኖ።»

ሰኞ ተቀምጬ ሠራሁት። ያስቸገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ስትሄድ የተወችው ቦታ አልነበረም። ተጠጋግተው ሞልተውታል። የራስልን ትከሻ አራት ጣት ያህል ቆርጬ፣ ኬልሲን ወደ ዳር ገፍቼ፣ በግድ አስገባኋት። ኮምፒውተር ላይ ቤተሰብ እንዲህ በቀላሉ ይከፈታል። ከታች በወርቅ ቀለም «ከልባችን» የሚል ጻፍኩበት፤ የእሷ ትእዛዝ ነው። እንደ ባለሙያ መመስከር ካለብኝ፣ በስድስት ዓመት ሥራዬ ማንም ሰው ሳያስመስል የወጣበት የቤተሰብ ፎቶ ያ ብቻ ነው፤ የተሠራውም በመቀስና በማጣበቂያ ነው ማለት ይቻላል።

ገና ሲቃረብ፣ አንድ እሁድ፣ ግሬታ በገዛ እጇ ካርዱን ሰሌዳው መሀል ሰቀለችው። የራሷ ካርድ ጥግ ላይ ነው፤ ውሻው የነበረበት ቦታ ላይ ትልቅ የወረቀት ኮከብ ተለጥፎበታል። ሰው ኩባያውን ይዞ ተሰበሰበ።

«እዩ እንዴት እንደሚዋደዱ!»

«ዓይናቸውን እዩት እስቲ! ይሄ ሊጠና አይችልም።»

ራስል ራሱ ካርዱ ፊት ብዙ ቆመ። «አብረን እንደዚህ የሳቅንበት ትዝ አይለኝም እንጂ» አለኝ፣ «ደስ የሚል ቀን ነበር ማለት ነው።»

ግሬታ የካርድ መስቀያ መርፌዎቿን ሣጥን እንደያዘች ወደ ጃኔል መጣች።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ ጃኔል» አለቻት። «ይሄን ሁሉ ዓመት ካርድ ስሰቅል እንዲህ የበራ ፊት አይቼ አላውቅም። ምን እያሰብሽ ነበር?»

ጃኔል መዋሸት ትችል ነበር። እንዲህ ላለ ጥያቄ «ልጆቼን» ወይም «እግዚአብሔርን» የሚባል የተዘጋጀ መልስ አለ፤ ሁሉም የሚመልሰው እሱን ነው። እሷ ግን ቀና ብላ የግሬታን ዓይን አየች።

«አንቺን» አለች።

ግሬታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሣጥኑን ወንበር ላይ አስቀምጣ ጃኔልን በሁለት እጇ እቅፍ አደረገቻት።

«እኔም እወድሻለሁ» አለቻት።