የጋሽ ገብረጻድቅ ሰማያዊ

በየሰፈሩ አንድ ተመራማሪ አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ ላያውቀው ይችላል፤ ሚስቱ ግን አሳምራ ታውቀዋለች፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዎቿን የወሰደባት እሱ ነውና። ለሐዋሳ ባህል አዳራሽ ሰፈር የደረሱን ክቡር ተመራማሪ ጋሽ ገብረጻድቅ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ጠርሙስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ የወጡ።

ጋሽ ገብረጻድቅ ዋቅላሚ ያለማሉ። ያንን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ነገር ከጪቱ ሐይቅ በጄሪካን አምጥተው በዘጠኝ ሳፋ አራቡት። ግቢው ይሸታል። ጎረቤት ሲያማርር ጣታቸውን ቀስረው «በአረንጓዴው ውስጥ ሰማያዊ አለ!» ይላሉ። ደርቆ ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ሰማያዊ ቀለም ለመድኃኒት የሚሆን የከበረ ነገር ነው ባይ ናቸው። ለእንግዳ ሾርባ ውስጥ ይጨምሩታል፤ እንግዳ ቀረ። ዘመኑ የጥቃቅንና አነስተኛ ነበርና ድጋፍ ሊጠይቁ ሄደው «ተደራጅተው ይምጡ» ቢባሉ፣ «እኔና ዋቅላሚው ተደራጅተናል፤ ሊቀመንበሩ እሱ ነው» ብለው ተመለሱ።

ይህን ሁሉ በቅርብ የሚያየው ባለሱቁ ሱሌይማን ነው። ለሳፋዎቹ የሚጨመረውን ሶዳ የሚሸጥላቸው እሱ፣ አርብ አርብ ለጁምዓ ሲሄድ ሱቁን የሚጠብቁለት እሳቸው።

አንድ ቀን ትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ወረቀት ተለጥፎባት «ናሙና 1» ይላል።

«ሱሌይማን ልጄ፣ ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ስትሄድ ይቺን ለዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አድርስልኝ። እነሱ አዎ ካሉ ልፋቴ ከንቱ አልቀረም ማለት ነው። ከወር በላይ ከቆየች ግን ትበላሻለች።»

«ችግር የለም፣ ጋሽ።»

ችግርስ ነበረው። መርካቶ ደርሶ የሚመለስ ነጋዴ በምን አፉ ነው ፕሮፌሰር ፊት ቆሞ «የሰፈራችን ሽማግሌ ልከውኝ ነው» የሚለው? አፈረ። እምቢ እንዳይልም ይሉኝታ ያዘው። ጠርሙሷን ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ ሸጎጣትና ከአዲስ አበባ ሲመለስ «አድርሻለሁ፤ እናየዋለን ብለዋል» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ «መልስ መጣ?» ነው።

«ገና ነው፣ ጋሽ።»

«ይሁን፣ ምርምር ጊዜ ይፈልጋል» ይሉና ሶዳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሱሌይማን ወደ ካርቶኑ ማየት እንኳ ጠላ። እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመት አለፈ፤ ጋሽ ገብረጻድቅም ታመው ሳምንት ሳይቆዩ ዐረፉ።

በሠልስቱ ሚስታቸው ወይዘሮ ሽታዬ ሱሌይማንን ጠጋ አለችው። ከጡረታቸው ወዲህ ስለ ሳፋ ስትጨቃጨቅ የኖረች ሴት ናት። «ዋቅላሚውን ልደፋው ብዬ ነበር» አለች። «ግን መልሱ ሳይመጣ እንዴት ብዬ እደፋዋለሁ?»

ሱሌይማን ቀጥ ብሎ ወደ ሱቁ ሄዶ ካርቶኑን ገፋ። የበሰበሰ ነገር ጠብቆ ነበር። ጠርሙሷ ውስጥ ያለው ግን ለምለም አረንጓዴ ነው። ወረቀቷ በጋሽ ገብረጻድቅ ጽሕፈት «ናሙና 13» ትላለች፤ የተሞላችበት ቀን ደግሞ ከመታመማቸው በፊት የነበረው አርብ ነው።

ሱሌይማን ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለ። ሳሙና ሲሸጡለት አግኝተዋት ይሆናል። እሱ ሊሰግድ ሲሄድ አሮጌዋን እያነሡ በየወሩ ትኩሷን ይተኩ ነበር፣ ምናልባት በሚቀጥለው ጉዞው ይወስዳት ይሆናል ብለው። እሱ ይሉኝታ ይዞት ዋሸ፤ እሳቸው ደግሞ እንዳያፍር ብለው ውሸቱን ተሸክመውለት ከረሙ። እንደዚያ ዕለት ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

በማግስቱ አዲስ አበባ ገባ፤ መርካቶን ሳይረግጥ ቤተ ሙከራው ዘንድ ደረሰ። መዝገብ ይዛ የተቀመጠችው ልጅ ጠርሙሷን ተቀበለችው።

«የላኪው ስም?»

«ገብረጻድቅ።»

«ሙያ?»

«ተመራማሪ» አለ፣ ሳያፍር።

«መልሱ ለመቼ ነው የሚፈለገው?»



«ለአምና ነበር» አላት።