ጎረቤላን ያስደነገጠው የእኔ ጭስ ማውጫ

ወገኖቼ፣ ዛሬ አንድ የሰባ ዓመት ሰው በገዛ ሳሎኑ ውሸታም ተባለ! ሰውዬው እኔ ነኝ።

የእህቴ ልጅ የስፖርት መኪና ቪዲዮ እያሳየኝ ነበር። ሾፌሩ አንዲት ቁልፍ ጫን ሲያደርግ መኪናው ጭጭ ይላል። ደግሞ ጫን ሲያደርግ ያገሳል።

«ጋሼ፣ ይሄ ቫልቭ ያለው ጭስ ማውጫ ነው፤ አዲስ ቴክኖሎጂ» አለኝ።

«የምን አዲስ? እኔ በደርግ ጊዜ ሠርቼዋለሁ!» አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እሺ ሳቁ! የመጣው ይምጣ፣ ዛሬ እንዳለ እዘረግፈዋለሁ።

ያኔ ደብረ ብርሃን መካኒክ ነበርኩ። ከአጎቴ የወረስኳት አንዲት የጣሊያን መኪና ነበረችኝ። ትንሽ ናት፣ አሮጌ ናት፣ ባትሪዋ ሞቷል፤ የምትነሳው በግፊ ነው። የኔ ልብ ግን እሽቅድምድም ላይ ነበር!

የሠራሁት ነገር ቀላል ነው፣ አትፍሩ። ከሞተር የሚወጣ ጭስ ጩኸታም ነው። ማርሚታ የምንላት፣ ከመኪና ሆድ ሥር ያለችው ቆርቆሮ፣ ጩኸቱን ውጣ ታስቀራለች። ግን ጭሱ በውስጧ እየተጋፋ ስለሚያልፍ ሞተሩን ትንሽ ታፍነዋለች።

እኔ ምን አደረግኩ? ከማርሚታዋ በፊት ቱቦውን ቀድጄ ሌላ መውጫ በየድኩለት። መውጫው ላይ ባለ ስፕሪንግ ክዳን አደረግኩ። ከክዳኑ እስከ ወንበሬ ድረስ ኮርዳ፣ ማለት በሽፋን ውስጥ የሚሳብ ሽቦ፣ ዘረጋሁ።

ኮርዳውን ስስበው ክዳኑ ይዘጋል፤ ጭሱ በማርሚታ ዞሮ ይወጣል፤ መኪናዋ ድምጿ አይሰማም። ስለቀው ስፕሪንጉ ክዳኑን ይከፍተዋል፤ ጭሱ በአቋራጭ ይወጣና...

ዱዱዱዱዱዱ!

የዛሬዎቹን ኮምፒውተር ያዛቸዋል። የኔን ክንዴ ነበር የሚያዘው። ሌላ ልዩነት የለውም!

ከተማ ውስጥ ቀበሌ አለ፣ አብዮት ጠባቂ አለ፤ ስለዚህ ዝግ። ከከተማ ስወጣ ክፍት። ራሴን እንደ ሊቅ ቆጥሬ ነበር።

አሁን ወደ ውርደቱ።

አስካለ የምትባል ልጅ ወደድኩ። ደብረ ብርሃን እህቷ ዘንድ ስትመላለስ ነው የተዋወቅነው። ቤተሰቦቿ ጎረቤላ፣ አንኮበር ናቸው። አባቷ ጋሽ ተክሌ ደግሞ «እሷን ለማንም ቀልበቢስ አልሰጥም» ብለዋል አሉ። እኔም ወይ እሷን ወይ ሞት ብያለሁ። ምን ይሻላል? ሽማግሌ መላክ ነዋ!

ሁለት ሰው አገኘሁ። አንዱ የክርስትና አባቴ አቶ በላይነህ ናቸው። ሌላው ሼህ ሙሄ፣ የአልዩ አምባ ጨርቅ ነጋዴና የጋሽ ተክሌ የልብ ወዳጅ።

መቼም ሽማግሌ የላከ ልጅ አብሮ አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል እንጂ! ግን የዚያን ሰሞን አውቶቡስ ጠፋ። መኪናዋን ደግሞ ከኔ በቀር የሚያስነሳት የለም።

«ሾፌር ነኝ እላለሁ» አልኩ። ኮፍያ ደፋሁ፣ በፎጣ ተሸፋፈንኩ።

«አንተ ብቻ አፍህን ዝጋ» አሉኝ አቶ በላይነህ።

በጠዋት ተነሳን። የደብረ ብርሃን ውርጭ እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ወንዙን ስንሻገር ውሃው የመኪናዋን ሆድ ረጨው። ከዚያ ሜዳው መጣ።

ባዶ መንገድ ሳይ እኔ ሰው አይደለሁም። ኮርዳውን ለቀቅኩት።

ዱዱዱዱዱዱ!

«ያ አላህ! ምን ፈነዳ?» አሉ ሼህ ሙሄ።

«ጉልበት ነው ሼህ ሙሄ፣ ጉልበት!»

ጎረቤላ ስንቃረብ ዝም ላሰኛት ኮርዳውን ሳብኩ። እምቢ አለ። በሁለት እጄ ሳብኩ። ወይ ፍንክች! ለካ የገባበት ውሃ በብርዱ በረዶ ሆኖ ኮርዳውን ሽፋኑ ውስጥ አድርቆታል። ክዳኑ ወለል እንዳለ ቀረ። እየጮህን መንደሩ ውስጥ ገባን።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። መንገዱ ላይ አንድ ወጣት ወንድ የለም። አሮጊት አለ፣ ሕፃን አለ፣ ውሻ አለ። «ገበያ ሄደው ይሆናል» ብዬ አለፍኩ።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ ተክሌ ቤት ገቡ። እኔ ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ሞተሩን እንዳላጠፋ ቦታው ሜዳ ነው፣ ያለ ግፊ አትነሳም። ልጅ የጠየቁ ሽማግሌዎች በሰው ደጅ መኪና ሲገፉ ይታያችሁ! ስለዚህ እየጮኸች ትቻት ከሥሯ ገባሁ።

አስካለ በማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ይዛ መጣች። ለሾፌሩ ስጪው ብለዋት ነው። ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«ውይ በሞትኩት! አንተ ነህ? ልትገድለን ነው እንዴ?»

የፍቅር መስሎኝ ደስ አለኝ! ማንቆርቆሪያውን አጠገቤ ጣል አድርጋ ሮጠች።

ወዲያው ሁለት የጎማ ጫማዎች መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ጋሽ ተክሌ!

«ሾፌር!» ከመኪናዋ በላይ መጮህ ነበረባቸው።

«አቤት ጋሼ!» እኔም ጮህኩ።

«ልጄን የጠየቀውን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«አሳምሬ!»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አፍህን ዝጋ የተባልኩትን ረሳሁት።

«ጨዋ ነው!» አልኩ፣ ውሃውን ኮርዳው ላይ እያፈሰስኩ። «ጭምት ነው! ቁም ነገረኛ ነው!» ክዳኑን በመፍቻ ገፋሁት፤ ትንሽ ተነቃነቀ። «ሠራተኛ ነው! መልኩም ቢሆን አይጠላም!» ደግሞ ገፋሁት። «ለአስካለ ከኔ ወዲያ ባል...»

ቀጭ! ክዳኑ ተዘጋ። መኪናዋ ጭጭ አለች።

«...የለም!»

ጎረቤላ በሙሉ ሰማ። ከቤት ውስጥ የአቶ በላይነህ ሳል ተሰማኝ።

«ውጣ እስቲ» አሉ ጋሽ ተክሌ።

ጥላሸት ጠጥቼ፣ ኮፍያዬ ወልቆ ወጣሁ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም፤ እሱ ባሰብኝ። ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የገብስ ጎተራ ወሰዱኝ።

«ልጄ ጌታነህ የመኪናህን ድምፅ ከሰማ ጀምሮ እዚህ ውስጥ ነው» አሉኝ። «በጠዋት መኪና የሚመጣብን ለአፈሳ ነው። ታላቁን ወስደውብኛል። ይሄን አንተ አስገባኸው፣ አንተው አስወጣው።»

ክው አልኩ!

እኔ ዕድሜዬ ከብሔራዊ ውትድርናው አልፎ ስለነበር አፈሳ ትዝም አላለኝ። ገበያ ሄደዋል ያልኳቸው ወጣቶች እኮ ከኔ ሸሽተው ገደል ለገደል እየወረዱ ነበር። ከኔ! ከአንዲት ቱቦ!

ጎተራውን አንኳኳሁ።

«ጌታነህ፣ ውጣ። ዘመድ ነኝ።»

«የምን ዘመድ?» አለ ከውስጥ፣ ድምፁ ሰልሎ።

«ማለቴ... ገና ነኝ። እህትህን ልጠይቅ የመጣሁት ነኝ።»

ከውስጥ ገብሱ ተንኮሻኮሸ።

«በዚህ ሁሉ ጩኸት?»

«አዎ» አልኩት። ምን ልበለው?

ወጣ። ፀጉሩ ገብስ በገብስ ሆኗል። ገና ጢሙ እንኳን በወጉ አልበቀለም። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። እሱ ልብሱን ማራገፍ ያዘ።

ጋሽ ተክሌ ለሽማግሌዎቹ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተም ና። ግን በእግርህ።»

ከደብረ ብርሃን! በእግሬ!

«ወላሂ ርካሽ ነው፣ ዝም ብለህ ተቀበል» አሉኝ ሼህ ሙሄ በጆሮዬ።

ቀኑ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ አውቶቡስ አገኙ። እኔ ከነሱ አንድ ቀን ቀድሜ ወጣሁ፤ መንገድ ላይ ሰው ቤት አድሬ ደረስኩ። ተረከዜ ተልጧል፣ ጫማዬ አፉን ከፍቷል። መንደሩ ውስጥ ወጣቶቹ ሥራቸው ላይ ናቸው፤ ቀና ብሎ ያየኝ እንኳን የለም። ደጃፍ ቆሜ «ቤቶች!» እስክል ድረስ መምጣቴን ማንም አልሰማም።

በሩን የከፈተልኝ ጌታነህ ነው። አልተደበቀም። እኔን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞሮ ተጣራ፤

«አስኩ! የእግር ውሃ አምጪ፣ ያ ጩኸታሙ መጣ!»

እስከ ዛሬ ድረስ የሚስቴ ዘመዶች የሚጠሩኝ በዚሁ ስም ነው። ሲያንሰኝ ነው፣ አይደል?