ገላጋይ በበዛበት አገር

በእኛ አገር ተጣልቶ መጨረስ አይቻልም። ንፋስ መውጫ ገበያ መሐል ሁለት ሰዎች ተያያዙ እንበል። የመጀመሪያው ቡጢ ሳያርፍ አህያ የሚጭነው አህያውን ትቶ፣ ጨው የሚመዝነው ሚዛኑን ትቶ ሊገላግል ይሮጣል፤ በመጨረሻ ክፉኛ ተደብድቦ ቤቱ የሚገባውም ገላጋዩ ነው። ታዲያ ከዚህ አገር ድብድብን እንጀራው ያደረገ ሰው ወጣ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ወጥቷል። ጌታሰው ይባላል፣ አብሮ አደጌ ነው። አዲስ አበባ ገብቶ ቡጢውንም፣ እርግጫውንም፣ ትግሉንም ቀላቅለው በሽቦ አጥር ውስጥ የሚጋጠሙበትን ድብልቅ ማርሻል አርት የሚሉትን ተማረ። አፍንጫው ተሰብሮ ዳነ፣ ጆሮው ተጨፍልቆ ቀረ። በስተመጨረሻ ሮቤል የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ጥሎ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ ታጠቀ። ደንቡ ግን ለሮቤል የመልስ ግጥሚያ ይሰጠዋል፤ ጌታሰው አልጋጠምም ካለ ቀበቶው ያለ አንዳች ቡጢ ለሮቤል ያልፋል። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ጌታሰው ከልጅነቱ ጀምሮ እናኑን ይወዳል። ስሟ ሲነሳ ያ ሁሉ ጡንቻ ይርዳል። ስለዚህ ቀበቶውን እንደታጠቀ እኔን ጨምሮ ሽማግሌ አርብ ገበያ ላከ፣ ወደ አባቷ ወደ መሪጌታ ስሙር። እኛ ከመድረሳችን በፊት ግን የእናኑ ወንድም ግጥሚያውን በስልኩ አሳይቷቸው ኖሯል።

«ልጁ ባለጋራ አለው» አሉን ገና ሳንቀመጥ።

«ሥራው ነው እኮ፣ የኔታ» አልኩ።

«የወደቀ ሰው መምታት ሥራ ነው? ያ አጠገባቸው የሚዞረውስ ምንድን ነው?»

«ዳኛ ነው።»

«ዳኛ ከሆነ አይገላግልም? ሌላው ሰው ደግሞ የሽቦውን በር ዘግቶባቸው ያጨበጭባል! ምን ዓይነት አገር ነው?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ ጋቢዬን አስተካከልኩ።

የኔታ ደም ለተቃባ ሰው ልጅ አይሰጡም፤ ታርቆ ይምጣ አሉ። ጌታሰው «ሮቤል ጠላቴ አይደለም!» እያለ ቢምልም የሚሰማው አላገኘ። ቸገረውና ለሮቤል ደወለ። ሮቤል ምን ቢል ጥሩ ነው? «መጣሁ!» ብሎ በሚኒባስ ከተፍ። ከሸዋ ድረስ ለእርቅ የመጣ ጨዋ ልጅ ብለን አመሰገንነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

በግ ታረደ፣ ተሳሳሙ። ቀጥሎ የኔታ «ዳግመኛ አንዱ ባንዱ ላይ እጁን ላያነሳ ማሉ» አሉ። ሮቤል ተናግረው ሳይጨርሱ ማለ፤ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ያን ጊዜ ነገሩ ለጌታሰው ገባው። ሮቤልን አየው። ሮቤል የበግ ቅልጥም ይግጥ ነበር። ጌታሰው ወገቡን ዳሰሰ፣ ዞር ብሎ እናኑ ወደቆመችበት በር አየ። ከዚያም ማለ።

ሠርጉ አማረ። አንደኛ ሚዜው ሮቤል ነበር፤ ጭፈራው ላይ የሚያህለው አልተገኘም። ጌታሰው ከሌላ ሰው ጋር ይጋጠም ትሉ ይሆናል፤ ይችላል፣ ግን ሌላ በግ ሊታረድ ነው።

በቀደም ሮቤል ቀበቶውን ታጥቆ የተነሳውን ፎቶ ለጌታሰው ላከለት። ጌታሰው ስልኩን ለአማቱ አቀበለ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩና በእውነት አዘኑ።

«ለዚህ ነው እንዲያ የተደባደባችሁት? ምነው ለእኔ ብትነግሩኝ! ቀበቶ እንደሁ አርብ ገበያ ሞልቷል።»